ዳኛ ተነስ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባሉት አቧራማ ሜዳዎች ላይ ሕሩይን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ስሙ ተነስ ነው። ተነስ መጣ፣ ዛሬ የሚያጫውተው ተነስ ነው፣ ተነስ ከሆነማ መውደቅ የለም ይባላል። ስሙን ያወጡለት ተጫዋቾች ናቸው፤ ያወጡለትም ወደውት አይደለም። አንድ ልጅ ተጠልፎ አፈር ላይ ሲንከባለል ሌላ ዳኛ ቢሆን ጎንበስ ብሎ «ምን ሆንክ?» ይላል። ሕሩይ ግን ቁልቁል አየት ያደርገዋል፣ ከዚያ ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ «ተነስ» ይለዋል። ዕድሜ አይለይም፣ አምበል አይለይም። አንድ የሦስት ልጆች አባት የሆነ፣ በዕድሜም የሚበልጠው ግብ ጠባቂ የወለቀች ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ሲያሳየው እንኳ «ተነስ» ብሎታል። ሰውየውም ጥርሱን ኪሱ ከትቶ ተነሳ።

ፍርዱን ግን የሚያማ አልነበረም። ጉቦ አይቀበልም፣ ከማንም ጋር ሻይ አይጠጣም። በዚያ አካባቢ ደጋፊ ተሰብስቦ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ያልሰደበው ዳኛ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። እሱን የሚሉት «ጨካኝ» ነው፤ ይህን ደግሞ ሕሩይ እንደ ሹመት ይቆጥረው ነበር። ሪፖርት ሲጽፍ አንድ ቃል አይጨምርም፣ አንድ ቃል አይቀንስም። በሕሩይ ሪፖርት ላይ ይግባኝ ብሎ የረታ ቡድን የለም። «ተነስ ከጻፈው ሆኗል ማለት ነው» ይሉ ነበር የተቀጡት ራሳቸው።

በአዘቦት ቀን የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። ባለጉዳይ በመስኮቱ አጮልቆ «ወንድም» ይለዋል እንጂ ስምህ ማነው ያለው የለም። አለቃው እንኳ ስምንት ዓመት አብሮት ሠርቶ ዛሬም «ኃይሉ» ብሎ የሚጠራው ጊዜ አለ። እሑድ ጥቁር ማሊያውን ለብሶ ሜዳ ሲገባ ግን ሃያ ሁለት ሰው እጁን ያያል። ለዚህች እጅ ሲል ነው እንግዲህ ሕሩይ ሌላውን ሳምንት ሁሉ የሚታገሠው።

በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከሰፈር ሊግ ወጥቶ በላይኛው የዳኞች ዝርዝር ውስጥ መግባት። ትልልቅ ክለቦችን ማጫወት፣ በቴሌቪዥን መታየት፣ ተንታኙ «የመሐል ዳኛው ሕሩይ» ብሎ ስሙን ሲጠራ መስማት። ዘጠኝ ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ቆይቷል። ዘንድሮ አርባ አራት ሞላው፤ ከዘንድሮ ካለፈ በዕድሜ ምክንያት ስሙ ይፋቃል። የቀረው አንድ ፈተና ነበር፤ የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ። ገምጋሚው ዘረሰናይ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ነጥብ ይሰጠዋል። ያችን ዘጠና ደቂቃ በሰላም ከጨረሰ ገባ ማለት ነው። ተረከዙ እሺ ካለው፣ ማለት ነው።

የግራ እግሩ ተረከዝ ከባቱ ጋር የሚገናኝበት ጅማት ካበጠ ወራት አልፈውታል። ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚራመደው። ደረጃ የሚወርደው በጎኑ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ «ከማንኛውም ሕመምና ጉዳት ነፃ ነኝ» በሚለው ቅጽ ላይ ሲፈርም ተረከዙ ጫማው ውስጥ ይጠዘጥዘው ነበር። እውነት ነው፣ ሪፖርት ላይ አንድ ቃል አይጨምርም፤ ይህ ግን ሪፖርት ሳይሆን ቅጽ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው ጠዋት ሰፈር ያለ ፋርማሲ ጎራ እያለ የዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋል። መርፌው ሕመሙን እንጂ ጅማቱን እንደማያድነው ያውቃል። ባለቤቱ ሰላማዊት ማታ ማታ ተረከዙን በሞቀ ውኃ ፎጣ እየጠቀለለች ትጠይቀዋለች፦

«ሰው ሲወድቅ ተነስ ትላለህ። አንተ መቼ ነው የምትቀመጠው?»

«ከዋንጫው በኋላ።»

«ከዋንጫው በኋላማ ላይኛው ዝርዝር ትገባና ጭራሽ አትቀመጥም።»

ሕሩይ ይስቃል። ሚስት እንዲህ ብላ ስትናገር የሚስቅ ወንድ ብዙ ነው፤ ሳቁ ግን መልስ አይሆንም።

ጠዋት ጠዋት ከሰፈሩ ተነስቶ በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ ይሮጣል። ዳገቱ ሳንባውን ያሰፋዋል፣ ጅማቱን ይፈጀዋል። ከዳገቱ በላይ፣ ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ዳር ደግሞ ከተረከዙ ይበልጥ የሚሸሸው ነገር ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ሊሊሳ ነው።

ሊሊሳ ከሁለት ዓመት በፊት የእነዚህ ሜዳዎች አንደኛ የመስመር አጥቂ ነበር። ዛሬ ለመዝናናት ወደ እንጦጦ የሚወጡ ሰዎችን መኪና ይጠብቃል። ግራ እግሩን እየጎተተ ከመኪና መኪና ይሄዳል። ሕሩይ እሱ ያለበት ሲደርስ መንገድ ይሻገራል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሊሊሳ ኳስ ይዞ በመስመሩ ብቻውን ይሮጣል፤ በአሥር እርምጃ ዙሪያ ሰው የለም። ድንገት በአፍጢሙ ተደፋ። ተደፍቶም ወዲያው ወደ ኋላው ዞረና «ማነው የመታኝ?» አለ። ሕሩይ አየ። ከኋላው ማንም አልነበረም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሳይነኩት ተነካሁ ያለ ዳኛን ሊያታልል ነው፣ ቅጣቱም ቢጫ ካርድ ነው። ሕሩይ ካርዱን አወጣና «አስመስለሃል። ተነስ» አለው።

«በእናቴ ስም መትተውኛል! ድምፁን ሰምቻለሁ እኮ!»

«ተነስ።»

ይህን ጊዜ የቡድኑ ወጌሻ ጋሼ ሰቦቃ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እየሮጡ ገቡ። ስብራትና ወለምታ ሲያሹ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ገና የልጅን አወዳደቅ አይተው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ችግሩ ወጌሻ ሜዳ የሚገባው የመሐል ዳኛው በእጁ ሲጠራው ብቻ ነው። ሕሩይ አልጠራቸውም። ሽማግሌውን ከሕዝቡ ፊት በቀይ አሰናበታቸው፣ በሪፖርቱም ጻፋቸው፣ ስድስት ወር ታገዱ። ሊሊሳ ሽማግሌው ሲባረሩ አይቶ እንደ ምንም ተነሳ። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ዳግመኛ ወደቀ። ሕሩይም ዳግመኛ አስመስለሃል ብሎ ሁለተኛውን ቢጫ አሳየው። ሁለት ቢጫ ቀይ ነው። ልጁ በክርኑ እየዳኸ ከሜዳ ወጣ።

ጅማቱ ለሁለት ተበጥሶ ነበር። በጊዜው አልታከመም፣ አልገጠመም። ሕሩይ ሲነገረው «ከኋላው ሰው አልነበረም፤ እኔ የፈረድኩት ባየሁት ነው» አለ። ይህም እውነት ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ተረት ግን እንዲህ ላለ እውነተኛ ሰው የተተረተ ይመስለኛል።

ከዋንጫው ጨዋታ በፊት ባለው ዓርብ ሕሩይ እንደ ልማዱ መንገድ ሊሻገር ሲል ሊሊሳ ከወዲያ ማዶ ጠራው። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር።

«ዳኛ! ግራ እግርህን እያነከስክ ነው።»

«ሥራህን ሥራ።»

«ሥራዬ ቆሞ ማየት ነው። ጠዋት ጠዋት አይሃለሁ። እኔም እንዲህ ነበር የጀመረኝ፤ ደንዘዝ ይልሃል፣ ከዚያ ይለቅሃል፣ ከዚያ አንድ ቀን አይለቅህም። አሳርፈው ዳኛ።»

ሕሩይ ሩጫውን ቀጠለ። ልጁ ያሾፈበት መሰለው። ሊሊሳ ግን አላሾፈም ነበር።

እሑድ ደረሰ። ሜዳው ጢም ብሏል፤ ዛፍ ላይ ሳይቀር ሰው አለ። ማታ ዝናብ ጥሎ ቀዩ አፈር ጫማ ላይ ይለጠፋል። የሚጫወቱት ባሕር ዛፍና ድልድይ የሚባሉ የሰፈር ቡድኖች ናቸው። ጋሼ ሰቦቃ ቅጣታቸውን ጨርሰው የባሕር ዛፍ ወጌሻ ሆነው ከመስመሩ ውጪ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዘረሰናይ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከጥላው ሥር ነው። ሕሩይ ጠዋት መርፌውን ተወግቷል። እስከ ሰባኛው ደቂቃ ድረስ እንደዚያ ቀን ያጫወተበት ቀን የለም፤ ሁለት ካርድ፣ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት፣ አንድም የሚያወዛግብ ነገር የለ። ዘረሰናይ አንድ ሁለቴ ራሱን ሲነቀንቅ አይቶታል።

በባሕር ዛፍ በኩል ቅዱስ የሚባል የሃያ ዓመት ተከላካይ ነበር። አባቱ የእንጦጦ ራጉኤል አገልጋይ ናቸው፤ ልጃቸው ታላቁን «አንተ» ሲል ከሰሙ ያን ቀን እራት የለም። ስለዚህ ቅዱስ ሜዳ ውስጥ፣ ላብ ላብ እያለው፣ ዳኛውን «እርስዎ» ይላል። ጓደኞቹ «መሪጌታ» እያሉ ይቀልዱበታል። በሁለተኛው አጋማሽ ከሕሩይ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲጋጩ ቆም ብሎ «ይቅርታ ጋሼ፣ አላየሁዎትም» ብሎ ሜዳውን በሙሉ አስቆ ነበር። ኳስ አጨዋወቱ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። አንድ ትልቅ ክለብ አይቶት ለሙከራ ና ብሎታል፤ የሚሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሕሩይም ያውቃል።

ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ድልድይ ኳስ ነጥቆ በመልሶ ማጥቃት ወጣ። ሕሩይ ዞሮ ለመሮጥ ግራ እግሩን መሬት ሲተክል ከኋላው ተረከዙ ላይ መቱት። ድምፁን ሰማ፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ነው። በአፍጢሙ ተደፋ። አፉ አፈር ገባበት።

አልተጠራጠረም። የመታውን ሰው እግር አጥንቱ ድረስ ተሰምቶታል። ዞረ፤ ከኋላው አራት አምስት እርምጃ ርቆ ቅዱስ እየሮጠ ይመጣል። ሕሩይ በደረቱ ተኝቶ እያለ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ቀዩን ካርድ አውጥቶ ወደ ላይ አነሳው።

ቅዱስ ቆመ። ካርዱ የማን ነው ብሎ እሱም ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ማንም የለም።

«እኔን ነው፣ ጋሼ?»

«ከኋላ መታኸኝ! ውጣ!»

ሁሉም አይቷል። አንድም ሰው ዳኛውን አልነካውም፤ ብቻውን ሮጦ ብቻውን ነው የወደቀው። ከዚያ ከዛፍ ላይ አንዱ ሳቀ። ቀጥሎ ከወዲያኛው መስመር አንድ ወፍራም ድምፅ «ተነስ!» አለ። ሌላው ተቀበለው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሺህ ሰው በጭብጨባ «ተነስ! ተነስ! ተነስ!» ይል ጀመር። ጥርሱን ኪሱ የከተተው ግብ ጠባቂም ልጆቹን ይዞ መጥቶ ኖሮ ከነልጆቹ ያጨበጭብ ነበር። ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ሴት ብቻ አላጨበጨበችም። «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» አለችና ቆሎዋን መስፈሯን ቀጠለች።

ሕሩይ ሊነሳ ሞከረ። ግራ እግሩ ከባቱ በታች የሱ አልነበረም። የመስመር ዳኛው ሁኔታውን አይቶ «ወጌሻ! ወጌሻ!» እያለ ጮኸ። ጋሼ ሰቦቃ ቦርሳቸውን ይዘው መስመሩ አጠገብ ደርሰዋል፤ የጫማቸው ጫፍ ኖራው ላይ ነው። አልገቡም።

«ምን ይጠብቃሉ? ይግቡ እንጂ!»

«እጅ አላየሁም» አሉ። «እዚህ ሜዳ ላይ እጅ ሳላይ ገብቼ ስድስት ወር ታግጃለሁ።»

ሕሩይ እጁን አነሳ። ያነሳው ካርዱን እንደያዘ ነበር።

«ካርድ ነው ወይስ ጥሪ?» አሉ ጋሼ ሰቦቃ ከቆሙበት።

ሕሩይ ካርዱን ጭቃው ላይ ጣለና ባዶ እጁን አነሳ። ያኔ ሽማግሌው መስመሩን አለፉ፤ ሳይሮጡ፣ በእርጋታ እየተራመዱ መጡ። ተንበረከኩ። ካልሲውን ሳያወልቁ ተረከዙን በጣታቸው ዳበሱት። ጅማት መኖር ያለበት ቦታ ላይ ጣታቸው ሰመጠ። ጭብጨባው አልቆመም ነበር።

«ማነው የመታህ?»

«ቅዱስ።»

«በምኑ?»

«በታኬታው! ከኋላ!»

ጋሼ ሰቦቃ ጥቁሩን ካልሲ ወደ ሕሩይ ዓይን አዞሩለት። ንጹሕ ነበር። «ዛሬ የሜዳው አፈር እንዴት እንደሆነ ታያለህ። ታኬታ ቢነካህ ጭቃውን ትቶብህ ነበር የሚሄደው። ሊሊሳም ተመታሁ ነበር ያለህ።» ከዚያ ለቃሬዛ ምልክት ሰጡና ቦርሳቸውን ዘጉ።

ቅዱስ ማሊያውን በጥርሱ ነክሶ ከሜዳ ሲወጣ ሕሩይ ከቃሬዛው ላይ ያየዋል። አሁንም ቢሆን መትቶኛል ብሎ ያምን ነበር። ይህን መካድ አይገባም፤ በዚያች ሰዓት አልዋሸም።

ሐኪሙ ግን በማግስቱ ነገረው። ወጣት ነው፣ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን እያየ ነበር የሚያወራው። «ከኋላ ተመታሁ ብለው ይሆናል» አለ፣ ሳይጠየቅ።

«በምን አወቁ?»

«ይህ ጅማት ሲበጠስ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚሰማው። አንዱ ድንጋይ ወረወሩብኝ ይላል፣ አንዱ በዱላ መቱኝ ይላል። ዞረው ይፈልጋሉ፤ ማንንም አያገኙም። የእርስዎ ደግሞ የቆየ እብጠት አለው። ብዙ ጊዜ ደብቀውታል። መበጠሱ አይቀርም ነበር።»

ሕሩይ ጣራ ጣራውን እያየ ተኛ። ሊሊሳ በእናቱ ስም ሲምል፣ «ድምፁን ሰምቻለሁ እኮ» ሲል፣ ሲነሳና ዳግም ሲወድቅ አንድ በአንድ ታየው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላመመው ነገር በአንዴ አመመው። ሰላማዊት እንባውን አይታ የእግሩ መስሏት ነርስ ጠራች።

በሦስተኛው ቀን ዘረሰናይ ብርቱካን በፌስታል፣ የጨዋታ ሪፖርት ቅጽ ደግሞ በፖስታ ይዞ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ነው ነገሩን ያባሰው።

«ስማ ሕሩይ፣ እስከ ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ የሰጠሁህ ነጥብ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፤ ለላይኛው ዝርዝር ይበቃሃል። አሁን ሪፖርቱን መጻፍ አለብህ። እኔ ኳሱን ነበር የማየው፣ አንተን አላየሁም። ያንተን ሪፖርት ደግሞ ማንም አይጠራጠረውም።»

«ሕጉ ምን ይላል?» አለ ሕሩይ። ሕጉን ከዘረሰናይ በላይ ያውቀዋል።

«በሥራ ላይ ጥቃት የደረሰበት ዳኛ እስኪድን አንድ ዓመት ቦታው ይጠበቅለታል፤ ዕድሜም አይቆጠርበትም። ሕመም ደብቆ የወደቀ ግን…» ዘረሰናይ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። «ያው ቅጹን ፈርመሃል። መታወቂያህም ይነጠቃል።»

እሱ ከሄደ በኋላ ሕሩይ ቅጹን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው። «ማንም አልነካኝም፤ ካርዱን ያወጣሁት በስሕተት ነው» ብሎ ቢጽፍ ልጁ ለሙከራው ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ለዘላለም ይመለሳል። ልጁ መታኝ ብሎ ቢጽፍ ግን ቦታው ይጠበቅለታል። እስክሪብቶውን ሰላማዊት አቀበለችው። ጻፈ፦ «ቁጥር አራት ተጫዋች ቅዱስ ከኋላዬ መጥቶ ሆን ብሎ በታኬታው ተረከዜን መታኝ።» አሥራ አራት ዓመት በሪፖርት ላይ አንድ ቃል ያልጨመረ ሰው «ሆን ብሎ»ን ጨመረባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ያችም ወረቀት ያዘች።

የሊጉ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ በሳምንቱ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተሰበሰበ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ሕሩይ እግሩ እስከ ጉልበቱ በጄሶ ታስሮ ሁለት ክራንች ተደግፎ መጣ። ጋሼ ሰቦቃ ኮሪደሩ ላይ አገኙት።

«ሐኪም ምን እንዳለህ እኔ አልጠይቅህም። ጣቴ ነግሮኛል» አሉት ዝቅ ብለው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ልጄ። እኔም አላሽልህም። ገና አፍህን አልከፈትክም፤ ወረቀቱን ተሳስቻለሁ ማለት ትችላለህ።»

ሕሩይ ክራንቾቹን አስቀድሞ አልፏቸው ገባ።

በሊጉ ደንብ የደጋፊ ቃል አይሰማም፤ የመስመር ዳኞቹም ኳሱን ነበር የምናየው ብለዋል። መጀመሪያ የመሰከሩት ጋሼ ሰቦቃ ነበሩ። ካልሲው ንጹሕ እንደነበር፣ ሰንበርም ጭረትም እንዳልነበረ፣ ጅማቱ ከቆየ ሕመም የተነሳ በራሱ እንደተበጠሰ ተናገሩ። ሰብሳቢው አንድ ፋይል ገለጠ።

«ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ዳኛ በቀይ አሰናብቶዎት ስድስት ወር ታግደዋል?»

«ታግጃለሁ።»

«እንግዲያው ቂም አለዎት።»

«ቂምማ አለኝ» አሉ ጋሼ ሰቦቃ። «ቂም ካልሲ አያጥብም እንጂ።»

ከሦስቱ አንዱ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን «ምስክርነቱ በቂም ምክንያት ውድቅ ነው» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ሄደው ቆሙ።

ቅዱስ ተጠራ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ወደ ሙከራው ለመሄድ የተገዛለት ሸሚዝ ነበር። የክለቡ ሰዎች ጉዳዩ እስኪታይ ብለው ቀጠሮውን አራዝመውለታል።

«መታኸው?»

«እኔ አልመታሁም» አለ ልጁ። ከዚያ ሕሩይን አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር። «ግን እሳቸው በሪፖርት ዋሽተው አያውቁም። አባቴም እንደዚያ ነው ያሉኝ፤ ተነስ… ይቅርታ፣ ጋሼ ሕሩይ ካሉ ነው ብለውኛል። ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ ነበር። ስሮጥ ነበር፣ ኳሱን ነበር የማየው። ምናልባት ሳላውቅ ጫፉ ነክቷቸው ይሆን እንዴ…»

«ነክቼ ይሆናል ነው የምትለው?»

«እሳቸው ተመታሁ ካሉ… ሳላውቅ ነክቻቸው ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሼ ሰቦቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰብሳቢው ልጁ እንዳይመልሰው የፈራ ይመስል ፈጠን ብሎ «አምኗል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ሕሩይ ዞረ።

«አቶ ሕሩይ፣ ለመዝገቡ ያህል ነው። የመታዎት እሱ ነው?»

ሕሩይ ምላሱ ላይ ሁለት ቃል ነበረው። ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ቅዱስ እያየው ነበር፤ ዳኛው እውነቱን ነግሮት እንዲገላገል የሚለምን ዓይን ነው፤ ምን እንዳደረገ ከራሱ ይልቅ ከዚህ ሰው ለመስማት የመጣ ልጅ። ሕሩይም እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት የታየው ግን የመዝገብ ቤቱ መስኮት ነበር፣ «ወንድም» የሚለው ድምፅ።

«አዎ» አለ።

ሁለት ዓመት እገዳ። ከማንኛውም ጨዋታ፣ ከማንኛውም ክለብ፣ ከማንኛውም ሙከራ። ሰብሳቢው አንብቦ ሲጨርስ ቅዱስ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እሺ» አለ።

ሰዎቹ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ተነሱ። ሕሩይም ቶሎ ከዚያ ክፍል ለመውጣት ክራንቾቹን ተደግፎ ቢነሳ፣ አንደኛው በተወለወለው ሲሚንቶ ላይ አዳለጠውና በጀርባው ወደቀ። ጄሶው መሬቱን ሲመታ ሕመሙ እስከ አንገቱ ወጣ። ጮኸ። ሰብሳቢው «እህ!» አለና ቆመ። ጋሼ ሰቦቃ ከግድግዳው አልተንቀሳቀሱም፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቁልቁል ያዩታል። ሕሩይ የሚመጣውን ቃል ያውቀዋል፤ አሥራ አራት ዓመት እሱ ራሱ ሲለው የኖረው ነው። ከአንዱ አፍ እስኪወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

በብብቱ ሥር እጅ ገባ። ጠንካራ የወጣት እጅ ነው። ሌላኛው እጅ የታሰረውን እግር ከሥሩ ደገፈለት፣ እንዳይነካበት ተጠንቅቆ።

«ይነሱ፣ ጋሼ» አለው ቅዱስ።

አነሳው። አቧራውን ከትከሻው ላይ አራገፈለት፣ ክራንቾቹን አንድ በአንድ አቀበለው፣ ከዚያ በሩን ከፍቶ ያዘለት። ሕሩይ እያነከሰ በአጠገቡ ሲያልፍ ያንን ነጭ ሸሚዝ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ምነው ይህ ልጅ በእውነት መትቶኝ በነበረ ብሎ ከልቡ ተመኘ።